ሥር የሰደዱ በሽታዎች በአንድ ክልል ምን ያህል ሰው ላይ አሉ? ጠይቁኝ

የጤና ዳሰሳ ቁጥሮችን መተንተን ሥራዬ ነው። ስለ ግፊት፣ ስኳር፣ አስም ብዛት ጠይቁ። የራሳችሁን ሕመም ግን ለሐኪም።

ጥያቄ፦ የእኛ ክልል የስኳር ታማሚ ከጎረቤታችን እጥፍ ነው። ለምን?

መልስ፦ ዕድሜ ታይቷል? አረጋውያን በበዙበት ስኳርም ይበዛል። ወጣቱ ለሥራ ከወጣ ደግሞ አንድም ሰው አዲስ ሳይታመም መቶኛው ያድጋል። ስለዚህ የሁለቱም የዕድሜ ስብጥር አንድ ዓይነት ቢሆን ብለን አስልተን ነው የምናወዳድረው።

ጥያቄ፦ ሕክምናው ተሻሽሎ ታማሚው ለምን ይበዛል?

መልስ፦ ስለተሻሻለ ነዋ! ድሮ ቶሎ ይሞት የነበረው ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ይኖራል። ነባሩ ይከማቻል።

ጥያቄ፦ የግፊትን ቁጥር ልመነው?

መልስ፦ ይቺን እወዳታለሁ። መጀመሪያ መስፈርቱን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ከ140/90 ወደ 130/80 አወረዱት። ግፊት አለበት የሚባለው አዋቂ ከ32 በመቶ ገደማ ወደ 46 ዘለለ። የማንም ደም ግን በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። ቀጥሎ፣ ቁጥሩ ከጤና ተቋም መዝገብ ነው ወይስ ቤት ለቤት ተለክቶ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳለው፣ ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ ግፊት ያለባቸው 1.28 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። መዝገብ እነሱን አያውቃቸውም። ብዙ የሚመረምር ክልል በወረቀት ላይ የባሰ ታማሚ ይመስላል።

አንድ አባል፦ አንዴ ተለክቶ ግፊት ይባላል እንዴ? እኔ ነጭ ጋውን ሳይ ይጨምርብኛል።

ሌላ አባል፦ መለኪያህ ርካሽ ሆኖ ነው።

አንድ አባል፦ የኔ? የክሊኒኩ ነው እንጂ!

መልስ፦ እናንተ ሰዎች! የዓለም ጤና ድርጅት ዳሰሳ ሦስት ጊዜ ለክቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት አማካይ ይወስዳል። የመለኪያውን ነገር ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ግፊት በምን ይድናል?

መልስ፦ ሐኪም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሦስት በሽታ ያለበትስ?

መልስ፦ በየበሽታው ይቆጠራል። ስለዚህ መቶኛዎቹን አትደምሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስኮትላንድ ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ በድሃ ሰፈሮች በሽታ መደራረብ ከሀብታሞቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ እንደሚጀምር አሳይቷል። እዚህ ላይ ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የእኛ ክልል ከሌላው ለምን በለጠ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ዕድሜ! ዕድሜ!

ጠያቂው፦ ዕድሜው ተስተካክሎም ይበልጣል።

መልስ፦ አሁን ጠየቅክ። ከመዝገብ ነው ወይስ ተለክቶ?

ጠያቂው፦ ከመዝገብ።

መልስ፦ በል፣ እዚያ ስንት ሰው እንደተመረመረ አጣርተህ ተመለስ።