ጥያቄና መልስ፦ አውቶማቲክ ወይስ ማንዋል?

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ኮሮላ ልገዛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን «አውቶማቲክ ቤንዚን ይጠጣል፣ ማንዋል ግዛ» ይለኛል። እሱ ራሱ አዲስ አበባ ሲሄድ የጊቤን ቁልቁለት የሚወርደው በዜሮ ማርሽ ነው፤ ቤንዚን ይቆጥባል ይላል። ትክክል ነው?
(ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ ስለ አውቶማቲኩ ወንድምዎ እውነት አላቸው። በቆየ አውቶማቲክ ኃይል ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚተላለፈው በቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ባለ ዘይት ነው። መኪናው ቆሞ በተነሣ ቁጥር ዘይቱ ይንሸራተታል፣ የተቃጠለው ቤንዚንም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ከማንዋሉ ይበልጥ ይበላል። ሲቪቲ (ደረጃ ያላቸው ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ወይም ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር።

መኪናውን ሲያዩ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያለችውን የኦ/ዲ (ኦቨርድራይቭ፣ 4ኛውን ማርሽ የምትከፍትና የምትዘጋ) ቁልፍ ይመልከቱ። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚል መብራት ከበራ 4ኛው ማርሽ ተዘግቷል፤ ሞተሩ በከንቱ እየጮኸ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሳያውቅ ነክቷት ለወራት እንዲሁ ይነዳል። በሜዳ መንገድ ትከፈት፤ ረጅም ዳገትና ቁልቁለት ላይ ግን መዝጋቱ ተገቢ ነው።

በዜሮ ማርሽ መውረዱን ግን ወንድምዎ ዛሬውኑ ይተዉት። ኢንጄክተር ያለው (ቤንዚን በኮምፒውተር እየተለካ የሚረጭለት) ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ቤንዚኑን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ሲል መቅዳቱን ይቀጥላል። በካርቡሬተር (ኢንጄክተር በሌለው የቆየ) መኪና ጥቂት ጠብታ ሊተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን የመኪናው ክብደት ሁሉ ፍሬን ላይ ስለሚወድቅ ሸራው ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም። ጊቤን በ3ኛ፣ በጣም ሲያዘቀዝቅ በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ።

ከገዙ በኋላ ፍጆታውን ይለኩ። መቅጃው ራሱ እስኪዘጋ ይሙሉ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ፣ እዚያው ማደያ እንደገና ይሙሉ። በ340 ኪሎ ሜትር 27.2 ሊትር ከገባ፣ 27.2ን ለ340 አካፍለው በ100 ሲያባዙ 8 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ቁጥሩ በድንገት ካሻቀበ መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ጠዋት ሳይነዱ ያስለኩ፤ ልኩ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ትንሽ ነድተው ሲያቆሙ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም።