መልስ፦ ለአርሰናል ግራ ክንፍ ማርቲኔሊ ወይስ ትሮሳርድ?

ወንድሜ፣ «ማርቲኔሊ አቋሙ ወርዷል፣ ለምን ትሮሳርድ ቋሚ አይሆንም?» ላልከው፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይመስለኝም። ማርቲኔሊ ክፍት ሜዳ ይፈልጋል። ተጋጣሚ አስር ሰው ሳጥኑ በር ላይ ሲደረድርበት መሮጫ ያጣል፤ ኳሷን ይነካና ወደ ኋላ ይመልሳታል። ደብረ ማርቆስ ዲኤስቲቪ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት «ፈረስ በረት ውስጥ ይጋለባል እንዴ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እውነታቸውን ነው።

ትሮሳርድ በ2023 ከብራይተን ሲመጣም የወደድኩለት ይህንኑ ነው፤ በሁለቱም እግሩ ስለሚመታ ጠባብ ቦታ አያስጨንቀውም። ስለዚህ ለሚዘጋ ቡድን ትሮሳርድ፣ ለሚያጠቃ ቡድን ማርቲኔሊ።

እኔን የሚያሳስበኝስ የቀኝ ክንፉ ሳካ ነው። ሁለት ተከላካይ ተለጥፎበት ሁሌ ዘጠና ደቂቃ? ማዱኬም እንደሱ ግራ እግር ነው፣ ቀኝ ክንፍ ላይ አልፎ አልፎ ቢያሳርፈው ምን አለበት!