ጥያቄና መልስ፦ በዲሲ ዙሪያ ባቡር ማየትና ፎቶ ማንሳት

ጋሽ ፉርጎ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ስላለው ባቡር ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ሐዲድ ላይ አትውጡ። ሐዲዱ የኩባንያ ንብረት ነው፤ መግባት ያስከስሳል፣ ከዚያም ሲብስ ይገድላል።

ሳሚ፦ ጋሼ፣ ጀማሪ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ፉርጎ፦ ደጅህ ላይ እያለልህ! የከተማው ባቡር፣ የሜትሮው ጣቢያ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። የሜትሮው ቀዩ መስመር መሀሉን ይዞ ይሄዳል፣ የጭነት ባቡር ኩባንያው የሲኤስኤክስ ሐዲድ ደግሞ ግራና ቀኙን ይዞታል። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የተጓዥ ባቡርም እዚያው ይቆማል፤ በዚያ የሚያልፈው የብራንስዊክ መስመሩ ግን ቅዳሜና እሁድ የለም፣ በከንቱ እንዳትቆም።

አዲስ ገቢ፦ የትኛው ካሜራ ጥሩ ነው?

ጋሽ ፉርጎ፦ እጅህ ላይ ያለው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ የጭነት ባቡር ደህና አድርጌ የማነሳበት ቦታ እፈልጋለሁ፣ ልጆችም ይዤ ነው የምሄደው።

ጋሽ ፉርጎ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። አርሊንግተን ያለው ሎንግ ብሪጅ ፓርክ ሂጂ። የእግር መንገዱ ከሐዲዱ ከፍ ያለ ስለሆነ ልጆቹም ያያሉ፣ አንቺም አትጨነቂም። ሐዲዱ ከፓርኩ በስተምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ከሄድሽ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታሻለች፣ ባቡሩም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ነው የሚኬደው፤ ያኔ ብርሃኑ ከጀርባሽ መጥቶ የፉርጎዎቹን ጎን፣ ዝገቱንና ቁጥሩን ሳይቀር ያወጣዋል።

በዚያ ላይ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገረው ሎንግ ብሪጅ ሁለት ሐዲድ ብቻ ነው ያለው። የሲኤስኤክስ ጭነት፣ አገር አቋራጩ የመንገደኛ ባቡር አምትራክ፣ የቨርጂኒያው የተጓዥ ባቡር ቪአርኢ፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚያልፈው፤ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ታያለሽ። አሁን አጠገቡ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነው፣ በ2024 ተጀምሯል። አሮጌውን ብቻውን ማንሳት የሚፈልግ ይፍጠን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። ከሰሜን የሚመጣው የባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዲሲ ያለው ዩኒየን ስቴሽን ጣቢያ ላይ ያበቃል። ከኒውዮርክ መጥቶ ቨርጂኒያ የሚገባ ባቡር እዚያ ሎኮሞቲቩ ይፈታና በናፍጣ ይተካለታል። ፓርኩ ላይ ቆሞ አሴላን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን የአምትራክ ፈጣን ባቡር፣ የሚጠብቅ ሰው አጋጥሞኛል፤ ቢያድርም አይመጣለትም።

ሳሚ፦ አሴላን ታዲያ የት?

ጋሽ ፉርጎ፦ ሜሪላንድ ያለው የኦደንተን ጣቢያ። አይቆምም፣ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። በሰዓት እስከ 200 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 55 ሜትር ነው። የካሜራህን የሹተር ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ብታደርገው ባቡሩ በዚያች ቅጽበት 11 ሳንቲም ያህል ይሄዳል፣ አፍንጫው ይደበዝዛል። 1/2000 ላይ ወደ 3 ሳንቲም ይወርዳል። መድረኩ ጠርዝ ላይ ከተሠመረው ቢጫ መስመር በጣም ወደኋላ ቁም፤ ንፋሱ ኮፍያ አይደለም ሰው ያንገዳግዳል።

ድሬው፦ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል? ባቡር የኛ ነበር! 1909 አዲስ አበባ ሲገባ...

ሮቤል፦ ታሪክ አታበላሽ፣ 1917 ነው።

ድሬው፦ የድሬ ልጅ ስለ ባቡር ይነገረዋል እንዴ? 1909!

ሮቤል፦ መጽሐፍ አንብብ ወንድሜ።

ጋሽ ፉርጎ፦ አንዳችሁ በእኛ፣ አንዳችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምትቆጥሩት፤ ያው ዓመት ነው። ለገሃርን ሌላ ቀን። ሌላ ጥያቄ?

ማርታ፦ ፖሊስ መጥቶ ለምን ታነሺያለሽ ቢለኝስ? በተለይ እኛን።

ጋሽ ፉርጎ፦ ስጋትሽ ይገባኛል። ሕዝብ ከሚቆምበት ቦታ ለራስሽ ማንሳት ክልክል አይደለም፤ ሜትሮም አምትራክም ይፈቅዳሉ። ጣቢያ ውስጥ ትራይፖድ አትዘርጊ፣ ፍላሽ አታብሪ፤ ፍላሽ የሾፌሩን ዓይን ይመታል። በትሕትና መልሺ፣ ዞር በይ ካሉሽ ዞር በይ። ሐዲድ ላይ ካገኙሽ ግን እኔም አልመሰክርልሽም።

አዲስ ገቢ፦ ምድር ውስጥ ያለው ሜትሮስ?

ጋሽ ፉርጎ፦ ሜትሮ አይመስጠኝም።

ሰላም፦ ጋሼ ባይወደውም እኔ ልመልስ። በ1976 የተከፈተው ሜትሮ፣ ሃሪ ዊዝ የነደፈው ያ ቅስት የኮንክሪት ጣሪያ፣ ለፎቶ የተሠራ ነው የሚመስለው። ብርሃኑ ደብዛዛ ስለሆነ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ወይም 3200 አድርገው። ፎቅ ላይ ቆመህ ወደታች ጠብቅ፤ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምሩ ባቡሩ እየገባ ነው።

ጋሽ ፉርጎ፦ እሺ፣ መብራቶቹስ ደስ ይላሉ።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ካሜራው አልተመለሰልኝም።

ጋሽ ፉርጎ፦ ተመልሷል። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ቤቲ፦ ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ሰርጋችን ነው፤ ሐዲድ መሀል ቆመን መነሳት አስበናል። ባቡር የማይበዛበት ቦታ ታውቃለህ?

ጋሽ ፉርጎ፦ ስንት ጊዜ ልናገር? ባቡር የማይመጣበት ሐዲድ አለ ብለሽ አትመኚ። በየትኛውም ሐዲድ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ፣ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል። የተጫነ የጭነት ባቡር ፍሬን ይዞ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ሾፌሩ ቢያያችሁም ምንም ሊያደርግ አይችልም።

እንኳን ደስ አላችሁ ደግሞ። ፖይንት ኦቭ ሮክስ፣ ሜሪላንድ ሂዱ፦ ሹል ግንብ ያለው የ19ኛው መቶ ዘመን የጡብ ጣቢያ ነው። ከመኪና ማቆሚያው በኩል ሆናችሁ ሕንጻውን ከጀርባ አድርጉ። መድረኩ ላይ ከወጣችሁ ግን ሚዜዎቹ ቬሎውን ከቢጫው መስመር ወዲህ ይያዙት።