ጠይቁን፦ የኪራይ መኪናው ርካሽ፣ ሒሳቡ ውድ

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ለ6 ቀን መኪና ስፈልግ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ዋጋ ርካሽ ነበር። ልረከብ ስሄድ ግን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ያወዳደሩት የቀን ኪራዩን ብቻ ይመስላል። በደማቁ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ሒሳቡን የሚያሳብጠው ግን ከሥሩ በደቃቁ የተደረደረው ነው። አየር ማረፊያ ውስጥ መረከብ አብዛኛውን ጊዜ ጭማሪ አለው። ከተማ ውስጥ ካለ ቅርንጫፍ መውሰድ ሊረክስ ይችላል፤ የታክሲውን ግን አብረው ያስሉ። ሁለተኛ ሹፌር፣ የሕፃን መቀመጫና የመንገድ መሪ መሣሪያ በየቀኑ ይታሰባሉ (መሣሪያውን ይተዉት፤ ካርታውን ስልክዎ ላይ አውርዶ መሄድ ይበቃል)። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሹፌር ብዙ ቦታ ተጨማሪ ይከፍላል። መኪናውን ከአንድ ከተማ ወስዶ ሌላ ከተማ መመለስ ደግሞ ከሁሉም ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ እስከ መክፈያው ገጽ ድረስ ይግቡና ታክሱ የተጨመረበትን ጠቅላላ ዋጋ ያወዳድሩ።

የ6 ቀን ሲሉ የ7 ቀኑንም ይጠይቁ። የሳምንት ተመን ስለሚገባ አንዳንዴ 7ቱ ከ6ቱ ይረክሳል። አንድ ቀን የሚባለው ደግሞ 24 ሰዓት ነው፦ ረፋድ 4 ሰዓት የወሰዱትን መኪና በመመለሻው ቀን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ከመለሱ አንድ ተጨማሪ ቀን ሊቆጠርብዎ ይችላል። በነጻ የሚሰረዝ ቀጠሮ ይያዙና ጉዞው እስኪደርስ ዋጋውን ደጋግመው ይዩ፤ ከወረደ አዲሱን ይዘው አሮጌውን ይሰርዙ።

ጥያቄ፦ ቁልፍ ልቀበል ስል ሠራተኛው ሙሉ ኢንሹራንስ እንድገዛ ወተወተኝ። ካልገዛሁ ካርዴ ላይ ብዙ ገንዘብ እንደሚይዙ ነገረኝ። ግዴታ ነው?

መልስ፦ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ መሠረታዊው ሽፋን ከኪራዩ ጋር ተካትቶ ይመጣል። ግን ኤክሰስ የሚሉት አለበት፤ ማለትም ጉዳት ቢደርስ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ካርድዎ ላይ የሚታገደው መያዣ ለዚሁ ነው። ሠራተኛው የሚሸጥልዎ ደግሞ ይህን ድርሻ የሚያጠፋ ወይም የሚቀንስ ተጨማሪ ሽፋን ነው። አሜሪካ ውስጥ የመኪናው ጉዳት ሽፋን ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል፤ እዚያ ነዋሪ ሆነው የራስዎ መኪና ካለዎት ግን ኢንሹራንስዎ ለተከራዩትም ሊሠራ ስለሚችል አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ።

ርካሹ መንገድ የኤክሰስ መድን ከሌላ ኩባንያ ከጉዞው በፊት መግዛት ነው። አሠራሩን ግን ይወቁ፦ አከራዩ መያዣውን ያው ያግዳል፤ ጉዳት ከደረሰም መጀመሪያ እርስዎ ይከፍላሉ፣ ደረሰኝ አቅርበው ከመድኑ ያስመልሳሉ። ካርድዎ መያዣውን የማይችል ከሆነ ይህ መንገድ አይሆንዎትም። መያዣው አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ሹፌር ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ይፈልጋል፤ ብዙ አከራዮች ዴቢት ካርድ አይቀበሉም፣ ቁልፉንም ይከለክላሉ።

«ሙሉ» የተባለው ሽፋንም ብዙ ጊዜ ጎማን፣ ቸርኬን፣ መስታወትንና የመኪናውን ሆድ አይነካም። የተሳሳተ ነዳጅ መሙላትም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም።

ጥያቄ፦ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የግድ ነው?

መልስ፦ መንጃ ፈቃድዎ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃሉ። ዓለም አቀፉ ትርጉም ብቻ ስለሆነ ዋናውን አብረው ይያዙ፤ የሚወጣውም መንጃ ፈቃዱን በሰጠው አገር ነው። ዓይነቱንም ይዩ፦ እ.ኤ.አ. በ1949 የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የሚሰጠው ለ1 ዓመት፣ በ1968ቱ የሚሰጠው እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። ጃፓን ለምሳሌ የምትቀበለው የ1949ኙን ብቻ ነው። ኑሮዎን በሄዱበት አገር ካደረጉ ግን ብዙ አገሮች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የአገሩን መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገድዳሉ።

ጥያቄ፦ መኪናውን ከመለስኩ በኋላ ለቸርኬ ጭረትና ለነዳጅ ተቆረጠብኝ። ጭረቱ ከፊትም የነበረ ነው። እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ አሁን ማረጋገጡ ይከብዳል። ለሚቀጥለው ከቦታው ሳይንቀሳቀሱ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ፦ አራቱን ቸርኬ ጎንበስ ብለው፣ የፓራውልቱን የታችኛ ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን፣ ጣሪያውን፣ በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ የነዳጁንና የኪሎሜትሩን ንባብ። ቅጹ ላይ ያልሰፈረ ጭረት ካዩ ሠራተኛው እንዲጽፈውና እንዲፈርምበት ያድርጉ። ሲመልሱም ይህንኑ ይድገሙ፤ በተለይ ቢሮው ተዘግቶ ቁልፉን ሣጥን ውስጥ የሚጥሉ ከሆነ።

ነዳጁን ሞልተው ወስደው ሞልተው የሚመልሱበትን ውል ይምረጡ። አስቀድሞ በተከፈለው ውል የተረፈው ነዳጅ ለአከራዩ ይቀራል። ከመመለሻው አጠገብ ካለ ማደያ ይሙሉ፣ ደረሰኙን ይያዙ። በቀለም አይመኑ፦ አውሮፓ ውስጥ አረንጓዴው እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ቦታ ናፍጣ። የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን ያንብቡ፤ በአውሮፓ ምልክት ክቡ ቤንዚን፣ አራት ማዕዘኑ ናፍጣ ነው። ከተሳሳቱ ሞተሩን ሳያስነሡ ለአከራዩ ይደውሉ።

ካርድ ሲያነቡልዎ በአገርዎ ገንዘብ ወይስ በእነሱ ብለው ቢጠይቁ በእነሱ ይበሉ፤ በአገርዎ ገንዘብ ሲሆን ምንዛሪው ብዙውን ጊዜ ይጎዳል። የትራፊክ ቅጣት ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ አከራዩም በላዩ ላይ የራሱን አገልግሎት ክፍያ ስለሚጨምር፣ መያዣው ተለቀቀ ብለው ቪዲዮውንና ውሉን ቶሎ አያጥፉ።