የድሃ ስም የት ይጻፋል?

ሰሞኑን እናቱ የኛ ሰው አባቱ እንግሊዛዊ የሆነ አንድ ልጅ "ጋሼ፣ የአባቴን ዘር ኦንላይን ስፈልግ ኖርፎክ ገጠር ውስጥ በ1780ዎቹ ክርስትና የተነሳ ሰው ላይ ደረስኩ፣ ስሙም መንደሩም ገጥሟል፣ በቃ አገኘሁት አይደል?" ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ ሁለት መስመር አይሞላም ነበር፣ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝና ይኸው እናንተንም ላደክማችሁ ነው።

እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር ቤተ መዛግብት ውስጥ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ኮምፒውተር ምናምን ሳይመጣ በፊት ከረባታቸውን ጥብቅ አርገው አስረው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰፎክ ውስጥ በሰው እርሻ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ፣ አባታቸውም አያታቸውም የሰው መሬት ላይ ያለቁ። ሥራቸው ንጹህ ነበር። ከ1851ዱ የሕዝብ ቆጠራ ነው የተነሱት፣ እሱ ሰው የተወለደበትን አጥቢያ ይጽፋል (የ1841ዱ የተወለድከው እዚሁ ካውንቲ (እንደኛ ክፍለ ሀገር በሉት) ነው አይደለም ብሎ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ የአዋቂውንም ዕድሜ በአምስት በአምስት ይቆርጠዋል)። ከዛ የ1815 የክርስትና መዝገብ፣ ከ1813 ጀምሮ ፎርሙ የታተመ ስለሆነ የአባትየውን ሥራ ይናገራል፣ ገጹን ብትገልጡት ከላይ እስከ ታች ሌበረር ሌበረር ሌበረር ነው፣ የጉልበት ሠራተኛ ማለት ነው። ከዛ የ1814 ጋብቻ፣ ባልየው፣ ዊልያም ልበለው፣ መጻፍ ስለማይችል ስሙ ጎን የመስቀል ምልክት አርጓል። ከዛ እዛው አጥቢያ 1791 ላይ በዛው የቤተሰብ ስም አንድ ዊልያም ክርስትና ተነስቷል። ዕድሜው ይገጥማል፣ አለቀ። ሽማግሌው ከሱ ተነስተው ወደላይ እየቆጠሩ እስከ 1600ዎቹ ወጡና በትልቅ ወረቀት አሳትመው ለልጅ ልጆቻቸው አከፋፈሉ።

አንድ ቀን ለሌላ ሰው ብዬ የዛኑ አጥቢያ የቀብር መዝገብ በማይክሮፊልም ሳገላብጥ ዊልያምን አገኘሁት። ሕፃን ነው፣ እዛው 1791 ላይ፣ ክርስትና ከተነሳ ከሳምንታት በኋላ ተቀብሯል። ከጎኑ "ፒ" የምትል ፊደል አለች። ከ1783 እስከ 1794 በእያንዳንዱ ክርስትናና ቀብር ላይ የሦስት ፔንስ ግብር ነበር፣ የአጥቢያው ጥገኛ የሆነ ድሃ ግን አይከፍልም፣ ፒዋ ለዛ ነች፣ ፖፐር፣ ድሃ ለማለት።

ማሽኑ ጋ ወስጄ አሳየኋቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "ታዲያ እኔ የማን ነኝ?" አሉኝ። ምን ይባላል? ለተወሰነ ጊዜ እየመጡ የጎረቤት አጥቢያዎችን መዝገብ አነበቡ፣ በኋላ ቀሩ።

ዓመታት አልፈው ከሌላ አጥቢያ ቤተክርስቲያን የመጣ አንድ ሳጥን ወረቀት ዝርዝሩን እንዳወጣ ተሰጠኝ። የገንዘብ ወረቀት ነው፣ ለማን ጫማ ተገዛ፣ ለማን ማገዶ ተሰጠ፣ የትኛዋ ባሏ የሞተባት በሳምንት ስንት ሽልንግ ትወስዳለች። መሃሉ ላይ የ1817 ትዕዛዝ አለ፣ ዊልያም ሚስቱና ልጆቹ ከነስማቸው ካሉበት ተነስተው ወደዚህ አጥቢያ ይወሰዱ ይላል፣ ስሞቹ በሙሉ ሽማግሌው ሲፈልጓቸው የነበሩት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1662ቱ ሕግ ወዲህ ችግረኛን የሚረዳው የራሱ አጥቢያ ነው፣ ስለዚህ አንዱ እርዳታ ሲጠይቅ ዳኛ ፊት አስምለው የት ተወለድክ፣ አባትህ የየት ነው፣ የት ዓመት ሙሉ ተቀጠርክ ይሉታል፣ የሌላ ቦታ ሰው ከሆነ ይሸኙታል። ዓመት ሙሉ ያገለገለ ላጤ የዛ አጥቢያ ሰው ስለሚሆን አንዳንዱ ገበሬ ሆን ብሎ ሳምንት አጉድሎ ይቀጥር ነበር፣ ተንኮል ዛሬ አልተጀመረም። 1815 ላይ ከናፖሊዮን ጋር የነበረው ጦርነት አልቆ ወታደሩ ሲመለስ ሥራ ጠፋ፣ ዊልያምም እጁን ዘረጋ፣ ጠየቁት፣ ተናገረ። ቃሉ ከትዕዛዙ ጋር ታጥፎ ተቀምጧል፣ የተወለደበት መንደር፣ የአባቱ ስም፣ በልጅነቱ ማን ቤት እንዳገለገለ። ጋብቻው ላይ "የዚህ አጥቢያ ሰው" የተባለው ያኔ እዛ ይኖር ስለነበር ብቻ ነው።

ጎጃምና ጎንደር ሰው አያት ቅድመ አያቱን የሚቆጥረው ርስት ሊጠይቅበት ነበር፣ በኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ። እዚህ ደሞ የድሃውን አባት የሚቆጥርለት አጥቢያው ነው፣ ላለመክፈል። እኔ ይሄን ሥራ ስሠራ የገባኝ ነገር ቢኖር ሀብታሙ ስላለው ይጻፋል፣ ድሃው ግን ሌላውን ወጪ ሊያስወጣ ሲል ነው የሚጻፈው።

ሽማግሌው ቤት ስደውል ልጃቸው አነሳች፣ ሞተዋል። ነገሩን ሳስረዳት "መሬት አለው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ልክ እንደኛ ሰው። ኮፒውን ላኩላት። እስካሁን የሚቆጨኝ፣ እሳቸው እየተመላለሱ በሚፈልጉበት ጊዜ ያ ሳጥን እዛ ቤተክርስቲያን ውስጥ ተቆልፎ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ያገኘኸውን ሕፃን መጀመሪያ ልትገድለው ሞክር። የቀብር መዝገቡን ተከታትለህ እይ፣ ታናሽ ወንድሙም በሞተው ስም ሊጠራ ይችላል። ካልሞተልህ ደሞ ዙሪያውን ባሉት አጥቢያዎች ስንት ተመሳሳይ ስም እንዳለ ቁጠር። መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው ግን ብዙ ቦታ መጀመሪያው ጠፍቷል፣ ከ1653 እስከ 1660 ያለውም የተበጣጠሰ ነው። እስከ 1752 ደሞ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ስለሆነ ፌብሩዋሪ 1740 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው 1741 ነው፣ በሁለት ካሌንደር ላደገ የሀበሻ ልጅ ይሄ መቼም አይከብድም።

የዘንድሮ ልጆች ግን ታስቁኛላችሁ፣ አፑ ፍንጭ ባሳያችሁ ቁጥር እሺ እሺ እያላችሁ ትጫኑና በአንድ ማታ ንጉሥ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ዋናውን ገጽ ያየ የለም። ኢንተርኔቱን ተዉት ልላችሁ ነበር፣ ግን እኔም ማታ ማታ እነዛው ሳይቶች ላይ ነው የማመሸው፣ ያኔ ወር የሚፈጀው አሁን ሻይ ሳይበርድ ይወጣል። እርዳታ የተሰጠበትና ሰው ወደ አጥቢያው የተሸኘበት ወረቀት ግን ገና ስካን ያልተደረገ ብዙ አለ፣ ለካውንቲው ቤተ መዛግብት ኢሜይል ጻፍና የአጥቢያውን የድሆች ወረቀት ጠይቅ።

ቀብሩ ራሱ ከጠፋባችሁ 1830ን አስቡ። የደቡብና የምሥራቅ እንግሊዝ የእርሻ ሠራተኞች ካፕቴን ስዊንግ በሚል የፈጠራ ስም የማስፈራሪያ ደብዳቤ እየተላከ የመውቂያ ማሽኖችን ሰባበሩ፣ 19 ሰው ተሰቀለ፣ 500 የሚጠጋ ወደ አውስትራሊያ ተጋዘ። አገሩ ሳለ ሌበረር ከመባል ያላለፈ ሰው እዛ የእስረኛ መዝገብ ላይ ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ ጠባሳው ሳይቀር ተጽፎለታል። የኒው ሳውዝ ዌልስና የታዝማኒያ ኢንዴክሶች ኦንላይን በነጻ ናቸው፣ የቤተሰብ ስሙን በሁሉም ዓይነት ስፔሊንግ ሞክሩት፣ ጸሐፊው የጻፈው የሰማውን ነው።