ቂሳርያ ባሕር ውስጥ ያየሽውን እንስራ አታውጪው

እህቴ፣ «የመጥለቅ ፈቃዴን ገና ማግኘቴ ነው፤ ቂሳርያ ስጠልቅ የጥንት እንስራ አንገት ከአሸዋ ብቅ ብሎ አየሁ። አውጥቼ ላስረክብ? ጀማሪስ በበጎ ፈቃድ ምን ይሠራል?» ላልሽው፦ አታውጪው። ፎቶ አንሺና ለራሹት ሃአቲኮት፣ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማለቴ ነው፣ ደውዪ። እ.ኤ.አ. በ1978ቱ የእስራኤል ሕግ ቅርስ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ንብረቱም የመንግሥት ነው።

እኔ ከሐዴራ እየተመላለስኩ እዚያ ወደብ ስጠልቅ ስድስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያጠፋሁትን ልንገርሽ። የእንስራ እጀታ አገኘሁና ፎቶው እንዲያምርልኝ አንስቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ፎቶውን ያየችው አርኪኦሎጂስት «አጠገቡ ምን ነበር? በየት በኩል ነበር የተኛው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እንዲህ ያለ እጀታ ሞልቷል፤ እሷ የፈለገችው የሰጠመው መርከብ ጭነት ወዴት እንደተበተነ ማወቅ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔው አጠፋሁት። ደግሞም ከባሕር የወጣ ሸክላ ዝም ብሎ ከደረቀ የጠጣው ጨው እየረጋ ገጹን ይልጠዋል።

የበጎ ፈቃድ ሥራው እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ነው፤ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ማየት። ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ በዚያው አቅጣጫ ፎቶ፣ ጥልቀቱን መመዝገብ፣ ተንሳፋፊ ለቅቆ ላዩ ላይ ጂፒኤስ መያዝ፣ ከባለፈው ወር ጋር ማስተያየት። በክረምት፣ የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ማዕበሉ አሸዋውን ጠርጎ ይወስደዋል። ሄሮድስ ከጣሊያን ባስመጣው የእሳተ ገሞራ አመድና በኖራ ያሠራው የወደቡ ኮንክሪት ሁለት ሺህ ዓመት ችሎታል። እንጨት ግን አሸዋው ከተገፈፈለት የባሕር ትል ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ዛሬ ምን ተገለጠ?» የሚል ዓይን ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ ሁሌ ውኃ ውስጥ አይውሉም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የካቲት እዚያው ቂሳርያ ወርቅ ያገኙት እንደ እኛ ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ ሳንቲም መስሏቸው ነበር! ጥቂቱን ይዘው ወጡና ወዲያው አሳወቁ፤ ባለሙያዎች ተመልሰው ሲፈልጉ ወደ 2,000 የሚጠጋ የፋጢሚዶች፣ ግብፅን ይገዙ የነበሩ የሙስሊም ነገሥታት፣ ዘመን የወርቅ ሳንቲም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በቀርሜሎስ ዳርቻ የመስቀል ጦረኛ ሰይፍ ያገኘው ጠላቂ፣ አሸዋ ይመልሰዋል ወይ ሌባ ይወስደዋል ብሎ ይዞት ወጣ። አልፈርድበትም። ያንቺ እንስራ ግን ማንም በኪሱ የሚይዘው አይደለም።

ለበጎ ፈቃዱ ከመመዝገብሽ በፊት ውኃ ውስጥ ሳትሰምጪ ሳትነሺ ረግተሽ መቆየትን ተለማመጂ። አንድ ጀማሪ በክንፍ ጫማው አሸዋውን ቢያስነሳ የዚያን ቀን ፎቶ ሁሉ ወተት ይሆናል፤ ደርሶብናል።

ለመሆኑ እንስራውን ያየሽው ከትልቁ የኮንክሪት ክምር በስተሰሜን ነው? ከሆነ እኛም ፎቶ አለን፤ ባለፈው ወር ትከሻው ድረስ ይታይ ነበር። ያንቺን ላኪልኝና እናስተያየው።