መልስ፦ የሊምፎሳይት ካልቸር ለምን በ48 ሰዓት ይቆማል?
ጨረር የነካው ሰው ምን ያህል ዶዝ (የጨረር መጠን) እንደደረሰበት ለመገመት በሚደረገው የደም ምርመራ፣ ካልቸሩ (ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች በላብራቶሪ ማሳደጉ) ለምን 72 ሰዓት አይቆይም ብለው ጠይቀዋል። የመጀመሪያውን የሴል ክፍፍል ብቻ መያዝ ስላለብን ነው። ጨረሩ በሁለት ክሮሞዞሞች ላይ የዲኤንኤውን ሁለቱንም ክሮች ሲበጥስና ሴሉ ጫፎቹን አሳስቶ ሲቀጥል፣ ሁለት ሴንትሮሜር (ሴሉ ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚጎተትበት ቦታ) ያለው ክሮሞዞም፣ ዳይሴንትሪክ፣ ይፈጠራል፤ ዶዙ የሚገመተው እነዚህን በመቁጠር ነው፤ ሴንትሮሜር የሌለው ቁራጭም አብሮት ይገኛል። ሴሉ ሲከፈል ሁለቱ ሴንትሮሜሮች ወደተቃራኒ አቅጣጫ ሊጎተቱ ስለሚችሉ፣ በየክፍፍሉ ከዳይሴንትሪኮቹ ግማሽ ያህሉ ይጠፋሉ። ካልቸሩ 72 ሰዓት ቆይቶ ሁለተኛ ክፍፍል ላይ የደረሱ ሴሎች ከተቀላቀሉ ዶዙ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይገመታል።

ደሙን በሊቲየም ሄፓሪን ቱቦ ይውሰዱ፤ እባክዎ ፍሪዘር ውስጥ እንዳይገባ፣ ሊምፎሳይቶቹ ከሞቱ የሚከፈል ሴል የለም። ሊምፎሳይቶቹ እንዲከፈሉ የሚያነሳሳውን ፊቶሄማግሉቲኒን ጨምረው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ያቆዩት፤ ክፍፍሉን መሃል ላይ የሚያቆመው ኮልሴሚድ በመጨረሻዎቹ 2 እስከ 3 ሰዓታት ይገባል። ቀጥሎ ሴሉን ለማሳበጥ 0.075 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከዚያ ሴሉን ባለበት ለማቆየት 3 ለ 1 ሜታኖልና አሴቲክ አሲድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። ክሮሞዞሞቹ በደንብ ካልተዘረጉ፣ የተደራረቡት ሁለቱ ዳይሴንትሪክ ይመስላሉ። ሴንትሮሜር የሌለውን ቁራጭ አብረው ይፈልጉ፤ 46 ሴንትሮሜር ያልተሟላበትን ሴል ይተዉት። ጨረር ያልነካው ሰው እንኳ በ1,000 ሴል 1 ያህል ዳይሴንትሪክ ስለሚኖረው፣ በ50 ሴል ዝቅተኛ ዶዝ መገመት አይቻልም፤ ከ500 እስከ 1,000 ይቁጠሩ። አደጋው ከደረሰ ዓመታት ካለፉ ግን ዳይሴንትሪኩን ትተው በፊሽ (FISH፣ ክሮሞዞሞችን በሚያበራ ቀለም የመለየት ዘዴ) ትራንስሎኬሽን ይፈልጉ፤ ይህ ክሮሞዞሞች ቁራጭ የተለዋወጡበት፣ እንደ ዳይሴንትሪክ በክፍፍል ቶሎ የማይጠፋ ለውጥ ነው።